የእናቴ ዱባ የመጨረሻዋ አበባ

ነስሩ እባላለሁ። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሶፋ እሠራለሁ። እንጨቱን አናጢው ያቆመዋል፤ ስፖንጅ መቁረጥ፣ ጨርቅ መወጠርና መስፋት የኔ ድርሻ ነው። እጄ ፈጣን ነው፤ አፌም እንደዚያው። ሥራ የፈታ ነገር ሳይ ያሳክከኛል። የተንጠለጠለ ክር ካየሁ እቆርጣለሁ፣ ከስፌት የተረፈ ጨርቅ ካየሁ እቆርጣለሁ። እናቴ ታዲያ “ያንተ መቀስ ከዓይንህ ይቀድማል” ትለኛለች። እኔ ደግሞ ምርቃት እየመሰለኝ እስቅ ነበር።

እናቴ ኸይሪያ ትባላለች። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ግቢያችን ጥግ ላይ ዱባ ትተክላለች። ገበያ ላይ የምታዩት ዓይነት ዱባ እንዳይመስላችሁ። ቆዳው አመድማ፣ ሥጋው እንደ እንቁላል አስኳል ደማቅ ቢጫ፣ ሲቀቀል ስኳር የተጨመረበት የሚመስል ነው። ዘሩን የሰጠቻት እናቷ ናት፤ አዲስ አበባ የገባችው የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነው። ዛሬ እናቴ የተወለደችበት መንደር ብትሄዱ ያ ዱባ የለም። ያ ሁሉ ማሳ ጫትና ባሕር ዛፍ ሆኗል። የቀረው እኛ ግቢና፣ በኋላ እንደምነግራችሁ፣ አንድ ሌላ ግቢ ብቻ ነበር።

እኛም ጋ ሊያልቅ ነበር። ባለፈው ክረምት ጣሪያ ስናስቀይር ዘሩ የተቀመጠበት ቅል ዝናብ ገባበት፤ ከፍተን ስናየው ሻግቷል። እናቴ ደህና የሚመስሉ አምስት ፍሬዎች ለቅማ ተከለች። አንዱ ብቻ በቀለ። ያም ቢሆን እድል አልነበረውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍሬዎች ነሐሴ ላይ ዶፍ መታቸውና ገና አውራ ጣት ሳያክሉ ረገፉ። መስከረም ሲያልቅ ቅጠሉ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ መድረቅ ጀመረ። ጫፉ ላይ አንዲት ፍሬ ያዘለች እምቡጥ ቀረች። እናቴ “ልጅቷ” ነበር የምትላት።

እንዲህ ሆነን ሳለ አገር ቤት የአጎቷ ልጅ ሞተና እናቴ ለቅሶ ሄደች። ስትወጣ ከበር ተመልሳ፣ “ነስሩ፣ ልጅቷን አደራ። ውኃ ታጠጣታለህ፣ ዶሮ ታባርርላታለህ። ሌላ ምንም አታድርግ” አለችኝ።

ሌላ ምንም አታድርግ! ይህቺን ቃል እኔ የት ሰምቼ አውቃለሁ?

በሦስተኛው ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ ዱባውን አየሁት። ትልልቅ ቢጫ አበባዎች፣ የተከፈቱም ያልተከፈቱም፣ በቀጭን ረጃጅም ዘንግ ላይ ቆመዋል። ከሥራቸው ፍሬ የሚባል ነገር የለም። ልጅቷ ብቻ ናት ከአንገቷ በታች የወይራ ፍሬ የምታክል ዱባ ይዛ የተቀመጠችው። “እነዚህ ሥራ ፈቶች የልጅቷን ምግብ እየበሉባት ነው” አልኩ። መቀሴን አወጣሁ። አንድ በአንድ ሙልጭ አድርጌ ለቅሜ ለጎረቤት በግ ሰጠኋቸው። ከዚያ ኮራ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

“ልጅቷ እንዴት ዋለች?” አለችኝ ገና ሰላም ሳንባባል።

“ጫፏ ቢጫ ብሏል፤ ቆንጆ ሆናለች።”

“አልሐምዱሊላህ! ነገ ጠዋት ትፈነዳለች ማለት ነው።”

“ደግሞ ልንገርሽ፣ ዱባሽን አጽድቼልሻለሁ። ፍሬ የሌላቸውን ሥራ ፈት አበቦች ቆራርጬ ጣልኳቸው። ጉልበቱ ለልጅቷ ይሁን ብዬ ነው።”

 

“ስንቱን?” አለች።

“ሁሉንም።”

“እምቡጦቹንም?”

“እምቡጦቹንም።”

“ያ ረቢ! ወንዶቹን ጨረስካቸው! ነስሩ፣ አንተ ልጅ ገደልከኝ!”

እናቴ ስትቆጣ አውቃለሁ፤ ስታለቅስ ግን አልለመድኩም። እያለቀሰች ነገረችኝ። የዱባ አበባ ወንድና ሴት አለው። ሴቷ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች፤ ነገር ግን የወንዱ ዱቄት ካልነካት ያቺ ትንሽ ዱባ በሁለት በሦስት ቀን ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ዱቄቱን የሚያደርሰው ንብ ነው። ሴቷ የምትከፈተው ደግሞ አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ ትዘጋለች፤ ከዘጋች በኋላ ጠርቶ የሚያስከፍታት የለም።

“ከሌላ ሰው ዱባ አበባ ባመጣላትስ?” አልኳት።

“ፍሬ ትይዛለች። ዘሩ ግን ቅልቅል ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው የእናቴ ዱባ አይደለም።”

“አስኮ ቲቸር አልማዝ ጋ ይኸው ዱባ አለ ብለሽ አልነበር?”

“የሷን ስም እንዳታነሳብኝ! ደጇን ብትረግጥ ወላሂ አልምርህም!” ብላ ዘጋችው።

ቲቸር አልማዝን ላስተዋውቃችሁ። የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እናቴና እሳቸው በቆርቆሮው አጥር ላይ ጨውና በርበሬ ሲቀባበሉ የኖሩ ሴቶች ነበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት የእናቴ ዱባ አጥሩን ተሻግሮ እሳቸው ግቢ አንድ ትልቅ ፍሬ አፈራ። እናቴ ለዘር አቆይታዋለች። ቲቸር ደግሞ ሳይጠይቁ ቆርጠው ወጥ ሠሩት። እናቴ “ለዘር ያቆየሁትን!” ብላ ጮኸች፤ ቲቸር “እኔ ግቢ ያደረ የኔ ነው” ብለው መለሱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሁለቱም ቃላቸውን መመለስ አቃታቸው። ቲቸር ልጃቸው ጋ አስኮ ሲገቡም ሳይሰነባበቱ ተለያዩ። በኋላ እድር ላይ የሰማች ሴት ቲቸር የዚያን ዱባ ዘር አስኮ እንደተከሉት ለእናቴ ነገረቻት። ይህ ደግሞ በቁስል ላይ እንጨት ሆነ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢ ወጣሁ። ልጅቷ ፈንድታለች።

ስንት ዓመት እዚያ ግቢ ስኖር የዱባ አበባ ጠዋት አይቼ እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። አምስት ቅጠሏን ወደ ውጭ ገልብጣ የሾርባ ሳህን አክላ ተቀምጣለች። ቢጫዋ ከውስጥ መብራት የበራባት ያስመስላታል። መሃሏ ላይ ወፍራም፣ ተለጣፊ፣ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነገር አላት። ሁለት ንቦች መጡ። አንዷ ዘልቃ ገባች፣ ሥር ድረስ ወርዳ ጠጣች፣ ጀርባዋን እያሻሸች ወጣች። ጠጋ ብዬ ጀርባዋን አየሁት። ምንም የለበትም። ምን ታድርግ? የምታመጣውን እኔ ለበግ አብልቼዋለሁ። ተቀባይዋ ተሰናድታ፣ መልእክተኛዋ መጥታ፣ መልእክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

እናቴ ትማረኝ አትማረኝ በኋላ ይታያል አልኩና ታክሲ ተሳፈርኩ።

አስኮ የቲቸር ልጅ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እንዳላት አውቅ ነበር። እሱን ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። ከጎኑ ያለቀለት ጂ ፕላስ አራት ሕንፃ ቆሞ ግቢውን ጥላ አድርጎታል። ቲቸር በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው ጎመን ሲኮተኩቱ ደረስኩ።

“አንተ፣ ነስሩ አይደለህ እንዴ! ኸይሪያ ምን ሆነችብኝ?”

“ደህና ናት ቲቸር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት” ብዬ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መቀሱ ጋ ስደርስ ዶማቸውን ጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

“ርክበ ብናኝ አስተምሬህ የለም ወይ? አሥር ከአሥር አምጥተህ!”

“በቃሌ ነበር የወጣሁት ቲቸር። ‘ብናኝ ከወንዴ አካል ወደ ሴቴ አካል ሲተላለፍ’ ብዬ ጻፍኩ። አበባ ግን አላየሁም።”

“ጥፋቱ የኔም ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ነው ያስተማርኳችሁ” አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። “ቆይ፣ እናንተ ጋ ሴት አለች?”

“አንዲት ብቻ። ዛሬ ጠዋት ፈንድታለች።”

እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቱኝ። ሕንፃው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ የእናቴ ዱባ ነበር፤ ቅጠሉን እንኳ አውቀዋለሁ። አበባው ብዛቱ! ሁሉም ቀጭን ዘንግ ላይ የቆመ። ከሥር ፍሬ ያለው አንድም የለም።

“ይህ ሕንፃ ፀሐዬን ከወሰደብኝ ወዲህ ወንድ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሐረጉ ሲጎዳ ሴት ይነፍጋል። ያለኝን ዘር ዘንድሮ ጨርሼ ዘርቼዋለሁ፤ የተረፈኝ ይህ ብቻ ነው። እናትህን ልለምናት ስንቴ ስልክ አንስቼ እንደመለስኩ አትጠይቀኝ።”

እኛ ጋ አንዲት ሴት፣ እሳቸው ጋ ወንዶች ብቻ። በመካከሉ ስድስት ዓመት የኖረ ኩርፊያ።

“በሉ ይስጡኝና ልሩጥ” አልኩ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው።

“አልሰጥህም” አሉ። “አብሬህ እመጣለሁ። ግን መጀመሪያ ደውልላት። ያኔ ሳልጠይቅ ቆረጥኩ። ዛሬ ሳልጠይቅ ግቢዋን አልረግጥም።”

“ቲቸር፣ አበባዋ እኮ ትዘጋለች!”

“ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ደውል አልኩህ!”

ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴትዮ መለሰችልኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ እሷው ናት። ሦስተኛም እሷው። እኔ እግሬን እያነሳሁ እጥላለሁ፤ ቲቸር ከጥላው ወጣ ብለው ፀሐይዋን በእጃቸው እየከለሉ ያዩአታል። በአምስተኛው ጠራ። ሳልናገር ስልኩን ሰጠኋቸው።

“ኸይሪያ፣ አልማዝ ነኝ።”

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌው ስለነበር የለቅሶው ቤት ሴቶች ሲያወሩ ይሰማኛል።

“ልጄን ምን አገኘብኝ?” አለች እናቴ።

“ልጅሽ ደህና ነው፤ አጠገቤ ቆሟል። ስሚኝ። ያኔ ያንቺን ዱባ ሳልጠይቅሽ ቆርጬ በላሁ። ለዘር ያቆየሽው መሆኑን ሳውቅም ይቅርታ ማለት ሲገባኝ አፌን ከፈትኩብሽ። አጥፍቻለሁ። አሁን እኔ ጋ የቀሩት ወንዶቹ ናቸው፣ አንቺ ጋ ሴቷ ናት። ግቢ ካልሽኝ እገባለሁ። አይሆንም ካልሽኝ አበባውን ለነስሩ እሰጠውና እዚሁ እቀራለሁ።”

እናቴ ከሴቶቹ ጫጫታ ራቅ ስትል ተሰማኝ። 

“ስንት ሰዓት ነው?” አለች እናቴ።

“ሁለት ሰዓት አልፏል።”

“ታዲያ ምን ቆመሽ ትለፈልፊያለሽ? ሂጂ እንጂ! በሩን መሬት ይይዘዋል፣ ገፋ ነው የሚደረገው፣ ረስተሽው እንዳይሆን!” ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አልማዝ… ያ ዱባ ግን ጣፍጦ ነበር?” አለች።

“አልዋሽሽም፤ እንደሱ ያለ በልቼ አላውቅም።”

“አውቄዋለሁ እኮ!” አለችና ዘጋች። ቲቸር በሹራባቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አራት ወንድ አበባ ከነዘንጋቸው ቆርጠን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አስቀመጥን። ታክሲ ሰልፉ ሌላ ፈተና ነበር። ቲቸር በታመመ ጉልበታቸው ሲያነክሱ ያየ ሰው ቅደሙ አለንና ገባን። አንድ ሽማግሌ ሳህኑን እያዩ፣

“እንዲህ አቅፈሽ የያዝሽው ምንድነው እቴ?” አሉ።

“ሙሽሮች ናቸው” አሉ ቲቸር ፊታቸው ሳይፈታ። “ሙሽሪት ኮልፌ እየጠበቀች ነው።” ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ዊንጌት ስንደርስ መንገዱ ቆመ። ቆመ ስላችሁ ቆመ ነው። እኔ ሰዓት አያለሁ፤ ቲቸር ደግሞ አስተማሪ አይደሉ፣ በመስኮት ያዩትን ሁሉ ማስረዳት ጀመሩ።

“እዚያ አጥር ላይ ያለውን በቆሎ አየኸው? አናቱ ላይ ያለው ጭራ መሳዩ ወንዴው ነው፣ ከታች ያለው ፀጉር ሴቴው ነው። መልእክተኛው ንፋስ ስለሆነ ቀለም አልፈለገም፣ ሽታ አልፈለገም። ማንን ሊጠራ ያጌጣል? የባቄላ አበባ ግን በሩን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። ክብደት ያለው ንብ ሲያርፍበት ነው የሚከፍተው።”

“የኔ ቲማቲም ደግሞ ጥቁር ትልቅ ጢንዚዛ ነው የሚመጣበት” አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት። “ይዞት ዝዝዝ ይላል፣ ደግሞ ይሄዳል። አባርረዋለሁ።”

“እንዳታባርሪው እህቴ! የቲማቲም ዱቄት ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ያ ዝዝዝታ ነው የሚያራግፈው። እሬትን ደግሞ አስቢው፤ ቀይ ረጅም ቱቦ ነው አበባው። ምንቃሯ እንደ መርፌ የቀጠነ ትንሽ ወፍ አለች፣ ልኳ ነው። እያንዳንዱ አበባ ለእንግዳው በልኩ ተሰፍቷል።”

በልኩ ተሰፍቷል! እኔ ሃያ ዓመት ልኬት ወስጄ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ሶፋ ጥግ ላይ ጨርቁ ጣት ያህል ቢያጥር ሙሉው ይበላሻል። እነዚህ አበቦች ግን ለንብ፣ ለጢንዚዛ፣ ለወፍ፣ ለንፋስ፣ ለእያንዳንዱ ልኩን ጠብቀው ተሰፍተው በየአጥሩ ቆመዋል፤ እኔ ደግሞ በመቀስ አልፋቸዋለሁ። እዚያ የቆመ ታክሲ ውስጥ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማቸው። ሱብሐነላህ አልኩ፣ ከልቤ።

መንገዱ አልከፈት ሲል ወርደን ቁልቁል በእግር ተጓዝን፣ ከዚያ ባጃጅ አገኘን። ግቢ ስንገባ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ቲቸር በሩን ራሳቸው ገፍተው ከፈቱት። ልጅቷ የቅጠሎቿን ጫፍ ወደ ውስጥ ማጠፍ ጀምራለች።

“ዘጋች!” ብዬ ጮህኩ።

“አልዘጋችም። እጅህን ታጠብና ና።”

“እኔ?”

“ያጎደልከው አንተ፣ የምትሞላውም አንተ።”

የወንዱን አበባ ቢጫ ቅጠል ገነጣጥዬ ጣልኩ፤ ዱቄት የተቀባ ጣት የመሰለ ነገር ቀረ። የልጅቷን ቅጠሎች ቲቸር በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው ያዙልኝ። ዘንጉን እንደ መርፌ ጨበጥኩት። ይህ እጅ ወፍራም ቆዳ በአንድ ምት የሚወጋ እጅ ነው!

“ቀስ። ሦስቱንም ጎን እኩል ንካ። አንዱ ጎን ከቀረበት ዱባው በዚያ በኩል ይጎብጣል።”

ነካሁ፤ ዞርኩ፤ ደግሜ ነካሁ። አራቱንም አበባ ተራ በተራ ጨረስናቸው። ዱቄቱ ተለጣፊው ላይ ቁጭ ሲል በዓይኔ አየሁት። ሲያልቅ ሌላ ዱቄት እንዳይገባባት ቅጠሎቿን ሰብስቤ በስፌት ክር ቀስ ብዬ አሰርኳቸው። “ክርህ ለቁም ነገር ዋለ” አሉኝ ቲቸር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ደግሞ ከታክሲው ይብሱ ነበር። መያዟን ወይም መርገፏን ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር የለም። ጠዋት አያታለሁ፣ ምሳ ሰዓት ሥራ አቋርጬ አያታለሁ። በሁለተኛው ቀን አንገቷ ጋ ነጣ ያለች መሰለኝና እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ጥጉ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ቲቸርም ከአስኮ መጥተው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ከዚያ እኔን ሰደቡኝ፣ ከዚያ ደግሞ አብረው ልጅቷን ያዩ ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። የደረቀው አበባ ወድቋል። ልጅቷ ግን እንቁላል አክላ፣ ዘንጓ ወፍሮ፣ አንገቷን ወደ መሬት ደፍታለች።

“ይዛለች!” አለች እናቴ። “ነስሩ፣ ይዛለች!” እኔም እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን ስጽፍ አላፍርም።

ውርጭ ሲመጣ በተረፈ ስፖንጅና ጨርቅ አለብሳት ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አመድማ ትልቅ ዱባ ሆነች፤ አንድ ጎኗም አልጎበጠም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ተለወጥክ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አሁንም ችኩል ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲሉ ስለኔ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈት የመሰለኝን ነገር ከመቁረጤ በፊት ምን እንደሚሠራ እጠይቃለሁ፤ አበባም ይሁን ሰው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አጥር ለአጥር ነው የምሄደው። የማን አበባ ማንን እንደሚጠራ ቆሜ አያለሁ፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ነስሩ ነካ አድርጎታል ይላሉ። እናንተም አንድ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱና አንድ የዱባ አበባ እዩ። ንቧ ስትገባ አትቸኩሉ፤ ስትወጣ ጀርባዋን እዩት። የምንበላው ሁሉ በዚያች ጀርባ ላይ ተጭኖ ሲያልፍ ታያላችሁ። እኔ እስከ አርባ ዓመቴ ሳላየው በልቻለሁ።

ዱባዋን የቆረጥናት ቲቸር ባሉበት ነው። እናቴ ዘሩን አጥባ ሰፌድ ላይ አሰጣችው። ሲደርቅ ወደ ቅሉ ትመልሰዋለች ብዬ ስጠብቅ በየወረቀቱ እፍኝ እፍኝ አድርጋ ትጠቀልል ጀመር። አንዱን ለቲቸር፣ አንዱን ለጎረቤት ባለ በጉ፣ አንዱን ለአናጢው ሚስት፣ ሌሎቹን አገር ቤት ለእህቶቿ።

“እማዬ፣ ይህን ያህል ዓመት ለሰው ሳትሰጪ የጠበቅሽውን?” አልኳት።

የመጨረሻውን ጥቅል እጄ ላይ አስቀምጣ መዳፌን ራሷ ጨበጠችልኝ።

“አሁን በስንት ሰው ግቢ ሊበቅል ነው” አለች። “አሁን አንተ እንኳ ልትጨርሰው አትችልም።”